ደረሰኝ ያለው ምጽዋት

በደብራችን ሰበካ ጉባኤ ለወራት ያልተቋጨ ክርክር አለ። ከሙዳየ ምጽዋቱ ጎን የስልክ መክፈያ ኮድ ይለጠፍ ወይስ ይቅር? ይለጠፍ የሚሉት ወጣቶቹ ናቸው። ምእመኑ ጥሬ ብር ይዞ መውጣት እየተወ ነው፣ ሣጥኑም እየቀለለ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይቅር የሚሉት አባቶች ደግሞ ደጀ ሰላሙ የሱቅ መስኮት ሊመስል ነው ይላሉ፤ የእነሱም ቅሬታ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የአዲስና የአሮጌ ጠብ አይደለም። ጌታ በተራራው ስብከቱ ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ፣ ቀኝ እጃችን የምታደርገውን ግራ እጃችን እንኳ እንዳትሰማ አዟል። እያንዳንዱን ሳንቲም በሰዓትና በደቂቃ በሚመዘግብ መሣሪያ የሚሰጥ ምጽዋት ስውር ሊሆን ይችላል ወይ?

ይህን የምጠይቀው መዝገብ ጠልቼ አይደለም። እንጀራዬን የበላሁት በመዝገብ ነው። ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቀበልና ስከፍል ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። በእኛ ጊዜ አምስት ሳንቲም ብትጎድል ወይም ብትተርፍ ሒሳብ ሳይዘጋ ወደ ቤቱ የሚሄድ አልነበረም። ዛሬ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ በደብሩም ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ከሚቆጥሩት አንዷ ነኝ። መዝገብ የደካማ ጠበቃ መሆኑን አውቃለሁ። ዕድር ቤት "ከፍያለሁ"፣ "አልከፈሉም" የሚባለው ጭቅጭቅ የሚያልቀው መዝገቡ ሲገለጥ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የሚገባት ገንዘብ ፊቷ ታይቶ እንዳይቀነስባት የሚያደርገውም መዝገቡ ነው። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ መዝገብ ይኑር አይኑር አይደለም፤ ማንን ጽፎ ማንን ይተው ነው።

እስቲ ከሣጥኑ እንጀምር፤ እሱም ራሱ መሣሪያ ነውና። ከላይ ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ የታጠፈ ብር ያስገባል፣ እጅ ግን አያስገባም። ቁልፎቹ ከአንድ በላይ ሆነው በተለያዩ ሰዎች እጅ ስለሚቀመጡ ማንም ብቻውን ሊከፍተው አይችልም። የቆጠራ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ሲገለበጥ የማይወጣ ነገር የለም፦ ብዙ ጊዜ ታጥፎ እንደ ጠጠር የደረቀ አምስት ብር፣ የዓረብ አገር ገንዘብ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ስእለት፣ አንዳንዴም የጣት ቀለበት። ወረቀቱ ላይ ስም ቢኖር የክርስትና ስም ነው፤ ለጸሎት እንጂ ለምስጋና የተጻፈ አይደለም፣ ሰፈሩም ባለቤቱን በዚያ ስም አያውቀውም። ሳንቲሙን በየዓይነቱ እንደረድራለን፣ ብሩን እየዘረጋን እንቆጥራለን፣ ደግመን እንቆጥራለን፣ ቃለ ጉባኤ እንፈራረማለን፣ ገንዘቡ ባንክ ይገባል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለን ሁሉ ጠቅላላ ድምሩን አውቀን እንነሣለን፤ የትኛው ብር የማን እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም። ሣጥኑ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ሰጪውን ይሰውራል፣ ተቀባዩን ያስጠይቃል። አናጺው ይህን ሁሉ አስቦ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ሥራው ግን ያሰበ ሰው ሥራ ነው።

በስልክ ስንልክስ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው ገንዘቡ በአየር ላይ ተጉዞ የሚደርስ ይመስለዋል። ከቦታው የሚነቃነቅ ብር የለም። ለወኪሉ የሰጠነው ጥሬ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀመጣል፤ ስልካችን ላይ የምናየው ይህን ያህል ይገባችኋል የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ኤም-ፔሳን ሲጀምር ሕዝቡ ነገሩን በግማሽ ያውቀው ነበር፤ ቀድሞም የሞባይል ሒሳብ ለዘመድ እያስተላለፈ እንደ ገንዘብ የሚገለገልበት ነበርና። በእኛ አገር ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም ወደዚህ ሥራ እንዲገቡ ፈቀደ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ኤም-ፔሳ እኛም ዘንድ መጣ።

ዘመናዊ ስልክ መያዝም ግዴታ አይደለም። ተራ ስልክ ያላት አሮጊት *127# ብላ ስትደውል ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። ስልክና ኔትወርክ ጥሪ ለማገናኘት የሚነጋገሩበት የራሳቸው መስመር አለ፤ አጫጭሩ ጽሑፍ በዚያው ይመላለሳል። ስልኩ የእሷ መሆኑን የሚመሰክርላት ሲም ካርዱ ነው። በሲሙ ውስጥ አንድ የምስጢር ቁጥር ተቀምጧል፤ አቻው ያለው ቴሌ ዘንድ ብቻ ነው። ኔትወርኩ እንደመጣለት አንድ ቁጥር ይልካል፤ ሲሙ ያንን ቁጥር ከምስጢሩ ጋር አስልቶ ውጤቱን ብቻ ይመልሳል፤ እዚያም ያለው ኮምፒዩተር በበኩሉ አስልቶ ያስተያያል። ምስጢሩ ራሱ አንድም ጊዜ አየር ላይ አይወጣም። የወንድሜ ልጅ ይህንኑ ሥራ ያውቃልና ወረቀት ላይ እየሣለ ሲያስረዳኝ፣ "አክስቴ፣ ማሽን ሁሉን መናገር ግዴታው አይደለም፤ የሚናገረው እንዲናገር የተሠራውን ያህል ነው" አለኝ። ይህን አባባሉን ይዤዋለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ መዝገቡ ይመጣል፤ እዚህ ላይ አገሬ ገባሁ። ሉካ ፓቾሊ የተባለ ፍራንቸስካዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ነጋዴዎች መዝገብ እንዴት እንደሚይዙ አስተምሯል፤ ከአንዱ የወጣው ሁሉ ለሌላው ገብቶ መጻፍ አለበት። መዝገቡንም በእግዚአብሔር ስምና በመስቀል ምልክት እንዲጀምሩት መክሯል። የዛሬው የክፍያ ኮምፒዩተር ከዚያ ሕግ አልወጣም። ከእኔ ሃምሳ ብር ሲቀንስ ለደብሩ ሃምሳ ብር ይጨምራል፤ ወይ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ወይ ሁለቱም አይሆኑም። ቢያንስ ስሌቱ የታሰበው እንዲህ ነው። በአንድ ረድፍ ላይ ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ መጠኑ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የግብይት ቁጥሩ ይሰፍራሉ። በመጨረሻ አንድ ሌላ ቁጥር አለ፤ በአጭር መልእክት ሲደርሰንም ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፦ ቀሪ ሒሳብ።

ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ትዝ ይለኛል። ጌታ በቤተ መቅደሱ የገንዘብ ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሕዝቡ ሲጥል ይመለከት ነበር። ባለጠጎች ብዙ ጣሉ፣ አንዲት ድሃ መበለት ሁለት ሳንቲም ጣለች፤ ከሁሉም አብልጣ የሰጠች እሷ እንደሆነች መሰከረላት። የጣለችውን ማየት ለቆመ ሰው ሁሉ ይቻላል፤ የቀራትን ማየት ግን አይቻልም። ምስክርነቱ የተሰጠው በማይታየው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ሐናንያና ሰጲራ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ሸሸጉ። የተፈረደባቸው ያመጡት ስላነሰ አይደለም፤ ያስቀሩትን ደብቀው ሁሉን የሰጡ ስለመሰሉ ነው። ሁለቱም ታሪኮች የምጽዋትን ልክ የሚያነቡት ከተሰጠው ሳይሆን ከቀረው ነው። የቀረውን ደግሞ ከላይ ካለው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ቆጣሪዎች ሣጥኑን መቶ ጊዜ ብንገለብጥ ቀሪውን አናገኘውም። አሁን ግን የድሃይቱን ሁለት ሳንቲምና ከዚያ በኋላ የቀራትን በአንድ ረድፍ የሚጽፍ መዝገብ በሰው እጅ አለ።

ማሽኑ በእግዚአብሔር ወንበር ተቀመጠ ማለት ነው? አይመስለኝም። የሚያየው ብዙ ነው፤ የሚገባው ግን ጥቂት ነው። ሃምሳዋ ብር ለነዳያን ይሁን ለቢራ አይለይም። ቀሪው ዜሮ መሆኑን ያውቃል፤ ያ ዜሮ የማታ እራት ይሁን የሌላ ባንክ ደብተር ያላት ሴት ዝርዝር አያውቅም። ደግሞም ያየውን የሚያስቀምጠው ለሌላ ጉዳይ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ብድር መውሰድ ይቻላል፤ የብድሩ ልክ የሚወሰነው ደንበኛው በሒሳቡ ሲገለገል በቆየበት ታሪክ ነው። እኔም ባንክ ቤት ሳለሁ ብድር የሚፈቀደው እንደዚሁ በታሪክ ነበርና ይህን ነውር አልለውም። ነገር ግን በዚያ ሚዛን መበለቲቱ ጥሩ ተበዳሪ አትሆንም። ያላትን ሁሉ አውጥታ ዜሮ ላይ የቀረች ደንበኛ ናት። አንዱ ቀሪ ሒሳብ በአንዱ ችሎት ክብር፣ በሌላው ችሎት ጉድለት ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ማሽኑ እግዚአብሔር የሚያየውን አየ ማለት አንችልም፤ እግዚአብሔር የሚመለከተውን ቦታ ተመለከተ ማለት ግን እንችላለን።

እዚህ ላይ ስውርነት ለምን እንደታዘዘ መጠየቅ ይኖርብናል። ማንም እንዳያውቅ ነው ካልን፣ ተቀባዩ ራሱ ያውቃልና ትእዛዙ ከመጀመሪያው የማይፈጸም ይሆናል። በዕድሩ አብራኝ የምትሠራ ሙስሊም ጎረቤቴ ስለዚህ ስንጨዋወት፣ ቁርኣንም ምጽዋትን በግልጽ መስጠት መልካም፣ ደብቆ ለድሆች መስጠት ደግሞ የተሻለ መሆኑን እንደሚያስተምር ነገረችኝ፤ ግልጹን ከነጭራሹ አልከለከለም። በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረው አይሁዳዊ ሊቅ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎታል። ከሁሉ በላይ ያደረገው ድሃውን ዳግመኛ እንዳይለምን አድርጎ ማቋቋምን ነው። ቀጥሎ ያስቀመጠው ሰጪ ለማን እንደሰጠ፣ ተቀባይም ከማን እንደተቀበለ ሳያውቁ የሚደረገውን ነው። ለዚህም በኢየሩሳሌም መቅደስ የነበረውን የምስጢር ክፍል ይጠቅሳል፤ ደጋጎቹ ገብተው በስውር ያኖራሉ፣ ከጥሩ ቤት ወጥተው የደኸዩት ገብተው በስውር ይወስዳሉ። እንግዲህ ስውርነት ሁለት ሰዎችን ይጠብቃል፦ ተቀባዩን ከኀፍረት፣ ሰጪውን ከራሱ።

ከራሱ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወንጌሉ መለከት አስነፍተው የሚሰጡትን የሚወቅሳቸው ሰው ስላወቀባቸው አይደለም፤ የሰው ምስጋና ዋጋቸው ሆኖ እዚያው ስለተከፈላቸው ነው። በዚህ ሚዛን ከቴሌ ኮምፒዩተር ይልቅ የሚያስፈራኝ ኪሴ ውስጥ ያለው ነው። ሣጥን ውስጥ የጣልኩትን በሳምንቱ እረሳዋለሁ። የስልኩን ግን ጣቴን ወደ ላይ ሳንሸራትት የሰጠሁት ሁሉ በቀን ተደርድሮ ይጠብቀኛል፦ ለዚህ ደብር ይህን ያህል፣ ለዚያች በሽተኛ ይህን ያህል። ያቺ ግራ እጅ የተባለችው እዚህ አለች፤ ሌላ ሰው አይደለችም፣ እኔው ነኝ። ብሶት በመጣብኝ ቀን፣ "ይህን ሁሉ አድርጌ!" ብዬ ከፈጣሪዬ ጋር ልሟገት ስል ማስረጃው ከነደረሰኝ ቁጥሩ ተዘጋጅቶልኛል። በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ዕርዳታ ሲሰበሰብ የሰጪው ስም በየሰከንዱ እየተጠራ ሲጨበጨብ የምናየው ይኸው ፈተና ድምፅ አውጥቶ ነው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በጎፈንድሚ ሲያዋጡ ስማቸው እንዳይታይ መምረጥ ይችላሉ፤ ያኔም ቢሆን ስማቸው ከሌላው ሰው ይደበቅ እንጂ ከአስተባባሪው አይደበቅም። ስውርነት በልክ ተቆርጦ የሚሰጥ ነገር ሆኗል።

ቢሆንም "ማሽኑ ቢያውቅ ምን አለበት? ማሽን አያማ፣ አይታዘብ" የሚሉኝን አልቀበላቸውም። ማሽኑ ባያማም መዝገቡ ይከፈታል። በየትም አገር ሕግ አስከባሪ ሲጠይቅ፣ ወይም ያልታመነ ሠራተኛ ሲጎረጉር፣ ረድፉ ይነበባል። በማቴዎስ ምዕራፍ 25 ከሚቆጠሩት ሥራዎች አንዱ እስረኛን መጠየቅ ነው። ቀድሞ ሰው ለታሰረ ጎረቤቱ ቤተሰብ ጤፍ በጨለማ አስጭኖ ይልክ ነበር፤ ልጆቹ በሉ፣ ላኪው አልታወቀም። እንዲህ ያለው ምጽዋት ድፍረት ይፈልጋል፤ ድፍረት የሌለው ደግ ሰው ደግሞ መሸሸጊያ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ዕርዳታ ስምና ሰዓት ሲኖረው የሚሰጡት ደፋሮቹ ብቻ ይሆናሉ። ደፋር ደግሞ ከደግ ያነሰ ነው። ለጻድቃን ብቻ የሚመች የምጽዋት መንገድ ብዙ ድሃ ያስርባል።

ታዲያ መሣሪያው በባሕርዩ እንዲህ ነውና ምን ይደረግ እንላለን? የወንድሜን ልጅ አባባል ያነሣሁት ለዚህ ነው። ዴቪድ ቻውም የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ባንክ ሳያይ የሚፈርምበትን ስሌት አሳትሟል። እሱ ራሱ ያስረዳው በፖስታ ነው። ደንበኛው ቁጥር የጻፈበትን ወረቀት ካርቦን ከተለበጠበት ፖስታ ውስጥ ከቶ ያሽጋል። ባንኩ ከደንበኛው ሒሳብ ቀንሶ ከፖስታው ውጭ ማህተሙን ይመታል፤ ማህተሙ በካርቦኑ አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ደንበኛው ፖስታውን ቀድዶ ወረቀቱን ለፈለገው ይሰጣል። ተቀባዩ ወደ ባንክ ሲያመጣው ባንኩ የራሱን ማህተም ያውቀዋል፤ ቁጥሩ ከዚህ በፊት እንዳልመጣም ያረጋግጣል፤ የትኛው ደንበኛ ያሸገው ፖስታ እንደነበረ ግን ማወቅ አይችልም። ይህ ሁሉ ያለ ወረቀት በቁጥር ብቻ ይሠራል። ቻውም ዲጂካሽ የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ በተግባር አሳየው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1998 ከሰረ።

ካሸር ነበርኩና ወዲያው የመጣብኝ ጥርጣሬ ነበር፦ እንዲህ ከሆነ ጉቦኛው ሊደሰት ነው! ግን አይደለም። በዚህ ስሌት የሚሰወረው ከፋዩ እንጂ ተቀባዩ አይደለም። ተቀባዩ ገንዘቡን ወደ ባንክ ሲያስገባ ይታያል፤ ከፋዩም ከፈለገ መክፈሉን ማስመስከር ይችላል። ሰጪው ይሰወራል፣ ተቀባዩ ይጠየቃል። ጥያቄዬ መልስ ያገኘው ይህን ስረዳ ነው፤ ሙዳየ ምጽዋታችን በእንጨትና በቁልፍ የሚሠራውን ይህ ሰው በስሌት ሠርቶታል። ስለዚህ የስልካችን መዝገብ ሰጪውን የሚጽፈው ሌላ መንገድ ስለጠፋ አይደለም። መጻፉ ለድርጅቶች ስለሚጠቅም፣ ለመንግሥታት ስለሚመች፣ እኛም ደንበኞቹ ስላልጠየቅን ነው። የተመረጠ ነገር ደግሞ የሚጠየቅበት ሰው አለው።

እስካሁን ስለ ሰጪው ብዙ አወራሁ፤ ስለ ተቀባዩም ልናገር። በወር በገባ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በደጃችን ሳንቲም ደርድረው ለምእመኑ የሚዘረዝሩ ሴቶች ነበሩ። ብሩን ይቀበላሉ፣ ጥቂት ለድካማቸው አስቀርተው ሳንቲም ይሰጣሉ፤ ሰውም ያንን ይዞ ከበሩ እስከ ቅጥሩ ጥግ ላሉት ሁሉ ያድላል። ዛሬ ሳንቲሙም ዋጋ አጣ፣ እነሱም ተመናመኑ። ከነዳያኑ መካከል ለረጅም ጊዜ የማውቃቸውን አንዲት እናት የልጅ ልጃቸው ስልክ ስለያዘ፣ "እማማ፣ በእሱ ስልክ ቢላክልዎት ይሻላል?" አልኳቸው። "ይላክ፤ እሰየው" አሉኝ፤ ጥቂት አስበው ደግሞ፣ "ግን ልጄ፣ የላከውን ሳላየው ማንን ብዬ ልመርቅ?" አሉ። እሳቸው ምርቃትን እንደ ትርፍ ነገር አይቆጥሩትም፤ የሚሰጡት እሱ ነው። ስለ እመብርሃን ብለው የጠየቁት ሰው እጁን ሲዘረጋ እሳቸውም ከክፉ ይሰውርህ ብለው ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ሰጥተው ሁለቱም ተቀብለው ይለያያሉ። በፓቾሊ ሕግ ብናየው እንኳ ሒሳቡ የሚዘጋው ሁለቱ ወገን ሲጻፍ ነው። ስልኩ የሚጽፈው የእኛን ወገን ብቻ ነው።

ይሁንና የእማማ ጉዳይ ሁሉንም ድሃ አይወክልም። ደጅ የማይወጣ ድሃ አለ፤ በሩን ዘግቶ የሚራብ፣ አንገቱን የደፋ። በሰፈራችን አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ታመው መድኃኒት መግዣ ሲያጡ እጅ በእጅ የሚሰጣቸው ቢመጣ ይሞቷታል እንጂ አይቀበሉም ነበር። ከጎረቤቱ ጥቂት ጥቂት ተዋጥቶ ማታ በእኔ ስልክ ተላከላቸው። የሚያዩት ስም የእኔን ብቻ ነው፤ ከኋላዬ እነማን እንዳሉ አያውቁም፣ ካዋጡትም አብዛኞቹ ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ያን ዕለት ስልኩ የመቅደሱን የምስጢር ክፍል ሥራ ሠራ። ይህን አይቼ ስልክን የምጽዋት ጠላት ልለው አልችልም። ያስተዋልኩት ግን ስውርነቱን ያመጣው ስልኩ ሳይሆን መሐል የቆመው ሰው መሆኑን ነው። እኔ ቀዳዳው ሆንኩ፤ ብሩን አሳልፌ እጁን አስቀረሁ። መሐል የሚቆም ሰው ግን አፉን መግታት ይኖርበታል፤ ከተናገረ መቆሙ ዋጋ የለውም።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ለሰበካ ጉባኤው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ኮዱ ይለጠፍ፤ ሣጥኑም ከቦታው አይነሣ። ከባንክና ከስልክ የሚመጣውን ዝርዝር የሚያየው ሒሳብ ሹሙና ኦዲተሩ ብቻ ይሁን፤ ለጉባኤው የሚነበበው እንደ ሣጥኑ ጠቅላላ ድምሩ ይሁን። ደረሰኝ የሚፈልግ ጠይቆ ይውሰድ። የሰጪ ስም በድምፅ ማጉያ ይነበብ የሚለው ሐሳብ ግን ገንዘብ ቢያበዛም ይቅር። ከወጣቶቹ አንዱ፣ "እትዬ፣ ስም ሲጠራ እኮ ሌላው ይነሣሣል" አለኝ። ይነሣሣል፤ አልካድኩትም። የደብራችን ጣሪያ ያፈሳል፣ ገንዘቡም ያስፈልጋል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምታስተምረው በስብከት ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ በምትቀበልበት መንገድም ታስተምራለች። በመለከት ተሰብስቦ የሚጠገን ጣሪያ ሥር ስለ ስውር ምጽዋት መስበክ ይከብዳል።

ለራሴ ደግሞ የያዝኩት ከዮሐንስ አፈወርቅ የተገኘ ምክር ነው። ይህ አባት ምእመናኑ በየቤታቸው ለድሆች ትንሽ ሣጥን እንዲያኖሩ፣ እሱንም ከሚጸልዩበት ስፍራ አጠገብ እንዲያደርጉት፣ ለጸሎት ሲቆሙ አስቀድመው ከዚያ ውስጥ እንዲጥሉ ያስተምር ነበር። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ የምጥለውን አልቆጥርም፣ ሲሞላ ሳልቆጥር ለሚያድል ሰው አስረክባለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆጥር ለኖረች ሴት ይህ ቀላል ጾም አይደለም። በስልክ መላክ ሲኖርብኝም እልካለሁ፤ ወደ ኋላ ተመልሼ ዝርዝሩን አልከፍትም።

በስልክ የሚሰጥ ምጽዋት ስውር ሊሆን ይችላል ወይ ለሚለው መልሴ፣ ይችላል ነው፤ ነገር ግን በራሱ አይሆንም። የእንጨቱ ሣጥን ስውርነትን ያለ እኛ ድካም ይሰጠን ነበር፤ ትዕቢተኛውም ትሑቱም በዚያች ቀዳዳ ሲያልፉ እኩል ይሰወሩ ነበር። የስልኩ መዝገብ ይህን ነጻ ስጦታ ወስዶብን ስውርነትን ሥራችን አድርጎታል። ሒሳብ ሹሙ አፉን በመግታት፣ ሰባኪው ስም ባለመጥራት፣ ሰጪው ታሪኩን ባለመክፈት፣ መሣሪያውን የሚሠሩት ወጣቶችም ማሽናቸው ምን ያህል ማወቅ እንዳለበት ከመሥራታቸው በፊት በመጠየቅ የሚፈጽሙት ሥራ ነው። ጉባኤው ገና አልወሰነም። እኔ ግን ከእንግዲህ ክርክሩ ስለ ኮዱ መለጠፍ መሆኑ እንዲያበቃና ስለዚህ ሥራ ክፍፍል እንዲሆን እጠይቃለሁ።